የቻይናና የዓረብ አገሮች ንግድ በጋሞ ዞን

የቻይናና የዓረብ አገሮች ንግድ በጋሞ ዞን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኘው ጋሞ ዞንና መቀመጫው አርባ ምንጭ ከቻይናና ከዓረብ አገሮች፣ በተለይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር ያላቸውን የሸቀጥ፣ የገበያና የመሠረተ ልማት ትስስር የሚመለከት ነው። ዞኑ ወደብም ሆነ የውጭ ድንበር ገበያ የለውም። ከሁለቱ ወገኖች ጋር የሚገናኘው በጅቡቲ ወደብ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብና በአዲስ አበባ ገበያዎች በኩል ነው።

ትስስሩ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ምርቶች ነው፤ በደጋው ሸማ፣ በቆላው ሙዝ። ሸማኔው ለጥለቱ የሚያስፈልገውን ባለቀለም ክር በአብዛኛው ከእስያ ያገኛል፤ ከዚያው ከእስያ በፋብሪካ ተሠርቶ ከሚመጣ ጨርቅ ጋር ደግሞ ይወዳደራል። የሙዝ አምራቹ በበኩሉ ከቀይ ባሕር ማዶ ሰፊ ገበያ አለ፤ ፍሬውን ሳይበላሽ ወደዚያ የሚያደርስ የማሸግና የማቀዝቀዝ ሰንሰለት ግን አልተሟላለትም። በሁለቱም ምርቶች ዋናው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ የምርቱ የመጨረሻ ሥራ የት ይሠራል? ትርፉስ ለማን ይቀራል?

አካባቢው

ጋሞ ዞን ቀደም ሲል የጋሞ ጎፋ ዞን አካል ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆነው ተዋቀሩ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በይፋ ሲመሠረት ዞኑ የዚሁ ክልል አካል ሆነ። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ባለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ይገኛል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጨንጫ ትገኛለች። በዚህ አጭር ርቀት የአየር ጠባዩም ኑሮውም ይለወጣል። በደጋው እንሰት፣ ገብስና ፖም ይበቅላሉ፤ የእርሻ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ሽመና ለብዙ ቤተሰብ ዋና መተዳደሪያ ነው። በቆላው፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ አባያ ወረዳዎች፣ ከተራራው የሚወርዱ ወንዞች በመስኖ ሙዝና ማንጎ ያለማሉ።

ታሪካዊ ዳራ

በጋሞ ባህል ጥጥ መፍተል የሴቶች፣ መሸመን የወንዶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ጋሞ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋ አካባቢዎች ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ ዛሬም የጋሞ ሸማኔዎች መኖሪያና ትልቅ የሀገር ልብስ ገበያ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ ከሸማ ጋር መወዳደር የጀመረው በዚህ ዘመን አይደለም። አቡጀዲ የተባለው የፋብሪካ ጥጥ ጨርቅ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። መጀመሪያ ገበያውን የያዘው የአሜሪካ ጨርቅ ነበር፤ በኋላ የሕንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በረከተ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ይህን ንግድ አፋጠነው። ከእስያ ፋብሪካ ተነሥቶ በዓረብና በአካባቢው ወደቦች አልፎ የኢትዮጵያን ሸማኔ ገበያ የሚሻማ ጨርቅ ስለዚህ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። ያም ሆኖ አቡጀዲ ሸማን አላጠፋውም። አቡጀዲ የዘወትር ልብስ ሲሆን፣ ሸማ የክብርና የበዓል ልብስነቱን ጠብቆ ቆየ።

ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1965 ዓ.ም. ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ሆኖም ቻይና የኢትዮጵያ ዋና የዕቃ አቅራቢ የሆነችው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው።

የቻይናና የዓረብ አገሮች መቀራረብ

በጋሞ የሚታየው ለውጥ የሰፊ ለውጥ አካል ነው። ቻይናና የዓረብ ሊግ አገሮች የጋራ የትብብር መድረካቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። በዚያው ዓመት የሁለቱ ወገኖች ንግድ ከ37 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቻይናና የዓረብ አገሮች የመሪዎች ጉባኤ በሪያድ ተካሄደ። የንግዱ መሠረት ከባሕረ ሰላጤው ወደ ቻይና የሚሄደው ነዳጅና ከቻይና የሚመጣው የፋብሪካ ዕቃ ነው።

ለአፍሪካ ነጋዴዎች የዚህ መቀራረብ ዋና መገለጫ ዱባይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የተከፈተው ድራጎን ማርት ወደ 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የቻይና ዕቃ በጅምላና በችርቻሮ የሚሸጥበት የገበያ ማዕከል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የሚበር ነጋዴ የቻይናን ዕቃ በአጭር ጉዞ አይቶ፣ መርጦና በትንሽ መጠን ገዝቶ ይመለሳል። ገበያውን የለመዱና ካፒታላቸው የጠነከረ ነጋዴዎች ውሎ አድሮ ጓንዡና ዪዉ ወደተባሉት የቻይና ከተሞች ራሳቸው መሄድ ጀመሩ።

የሸቀጥ መንገድ

አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲ ራሷ የዓረብ ሊግ አባል ስትሆን፣ የቻይናና የባሕረ ሰላጤው ካፒታል የተገናኘበትና የተጋጨበት ቦታም ሆናለች። መቀመጫውን ዱባይ ያደረገው ዲፒ ወርልድ በዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተዳድር ቆይቶ፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ውሉን አቋርጦ ወደቡን ተረከበ። ድርጅቱ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ወሰደ። የቻይናው ቻይና መርቻንትስ በጅቡቲ ወደብ ድርጅት ውስጥ ባለ ድርሻ ሲሆን፣ በቻይና ገንዘብ የተሠራው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ተከፈተ። ዲፒ ወርልድ በበኩሉ በሶማሌላንድ የበርበራ ወደብን ማልማት ያዘ። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በበርበራ 19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት የተነገረው ስምምነት ግን ሳይጸና ቀርቷል።

ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር በጭነት መኪና ወይም በባቡር ሞጆ ይደርሳል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኩባንያዎችና በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ተሠርቶ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከሞጆ በኋላ ወደ ጋሞ የሚሄደው ዕቃ ጉዞው በመኪና ነው፤ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይገባል። ብዙው ዕቃ ግን መጀመሪያ መርካቶ ወርዶ፣ እዚያ ተከፋፍሎ በጅምላ ነጋዴዎች በኩል ወደ ዞኑ ይመለሳል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ያወጣው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ዕቅድ ከሞጆ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ሞያሌ የሚደርስ መስመርን ያካተተ ነበር፤ ይህ የዕቅዱ ክፍል አልተሠራም።

በአርባ ምንጭ ሱቆች ሞባይል፣ የፀሐይ ኃይል መብራት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የቤት ዕቃና ልብስ በአብዛኛው የቻይና ሥሪት ናቸው። በየመንደሩ የሚታየው ቴክኖ ስልክ ባለቤቱ የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው ስልኮቹን በኢትዮጵያም ይገጣጥማል።

ሸማና የፋብሪካ ጥበብ

የእጅ ሸማ ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ በተለምዶ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነበር። ጥለቱ የሚሠራበት ባለቀለም ክር ደግሞ በብዛት ከቻይናና ከሕንድ ይመጣል። ስለዚህ የብር ምንዛሪ ሲወርድ ወይም የውጭ ገንዘብ ሲጠፋ የክር ዋጋ ይወጣል፤ ሸማኔው ከአንድ ነጠላ የሚያገኘው ትርፍም ይቀንሳል። አገር ልብስ የሚባለው የሐበሻ ቀሚስ በዚህ መንገድ ከዓለም ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው።

ከዚያ የከበደው ፈተና የጥለቱ መኮረጅ ነው። የጥበብ ጥለት በፋብሪካ ታትሞ ወይም በማሽን ተሸምኖ በቶፕ የሚመጣ ጨርቅ በሽሮ ሜዳና በመርካቶ በግልጽ ይሸጣል። ገዢዎች በተለምዶ «የቻይና» ብለው ይጠሩታል። ጥለቱ የበዛ የእጅ ሥራ ቀሚስ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሲወስድ፣ ማሽኑ ተመሳሳዩን መልክ በሰዓታት ያወጣዋል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከእጅ ሥራው እጅግ ያነሰ ነው።

በአቡጀዲ ዘመንና በአሁኑ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አቡጀዲ ሸማን አይመስልም ነበር፤ የተሻማው የሸማን የዘወትር ቦታ ነው። አሁን የሚመጣው ጨርቅ ግን ለሸማ የቀረለትን የበዓልና የሠርግ ቦታ የሚሻማ ነው፤ መልኩንም የወሰደው ከራሱ ከሸማኔው ሥራ ነው።

ይህን በሕግ መከላከል ቀላል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዲስ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል። የጥበብ ጥለት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የጋራ ሀብት ስለሆነ አዲስነትንም ሆነ አንድ የፈጠራ ባለቤትን ማሳየት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ የተመዘገበ ንድፍም ቢሆን በቻይና ጥበቃ የሚያገኘው እዚያም ሲመዘገብ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሸማኔዎች ፉክክሩን የሚቋቋሙት በጥራትና በአዲስ ጥለት ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ያሉት የጋሞ ዱንጉዛ ከሱሪነት አልፎ ሸሚዝ፣ ኮት፣ ቦርሳና የቤት ማስጌጫ መሆኑ የዚህ ጥረት ምሳሌ ነው።

ሙዝና የባሕረ ሰላጤው ገበያ

በላንቴ፣ በጫኖ ሚሌ፣ በቆላ ሻራና በአካባቢያቸው የሚመረተው ሙዝ የአዲስ አበባ ገበያ ዋና ምንጭ ነው። ቀድሞ ጥጥና በቆሎ ይዘራበት የነበረው ብዙ የቆላ መሬት ወደ ሙዝ ተለውጧል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥጥ በዓመት አንድ ጊዜ ሲደርስ ሙዝ ከተያዘ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፤ ገበሬው በየጥቂት ሳምንቱ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል።

ሙዙ ገና አረንጓዴ ሳለ በዘለላ ይቆረጣል፤ በደላላና በሰብሳቢ ነጋዴ በኩል ተገዝቶ ብዙውን ጊዜ ያለ ሳጥን፣ የሙዝ ቅጠል ተነጥፎለት በኢሱዙ ይጫናል። አዲስ አበባ ሲደርስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይበስላል። በተለምዶ ለማብሰያ የሚውለው የነጭ ጋዝ ምድጃ ጭስና ሙቀት ነው። በዚህ ጉዞ ፍሬው ይላላጣል፣ ይጠቁራል፤ በአገር ውስጥ ገበያ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ይሸጣል።

ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሙዝ በብዛት የሚያስገቡት ከፊሊፒንስ፣ ከኤኳዶርና ከሕንድ ነው። አርባ ምንጭ ከሦስቱም ይልቅ ለጅዳና ለዱባይ ትቀርባለች። ርቀት ግን ብቻውን ገበያ አያስገኝም። ለውጭ ገበያ የሚላክ ሙዝ በተቆረጠበት ቀን መታጠብ፣ በመጠን መለየትና በካርቶን መታሸግ አለበት። ከዚያ እስከ መድረሻው ወደብ ድረስ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ መጓዝ ይኖርበታል። ሙቀቱ ከዚያ ከፍ ካለ ፍሬው በመንገድ ይበስላል፤ ዝቅ ካለ ልጣጩ ይጠቁራል። ከማሳ እስከ ጅቡቲ ባለው መንገድ አንዱ ደረጃ ከጎደለ መላው ጭነት ሊበላሽ ይችላል።

የበግና የፍየል ሥጋ ንግድ ለንጽጽር ይረዳል። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉ ቄራዎች የቀዘቀዘ ሥጋ በአውሮፕላን ወደ ኤምሬቶችና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይልካሉ። ሥጋ በኪሎ የሚያወጣው ዋጋ የአውሮፕላን ጭነት ወጪን ይችላል። የሙዝ ኪሎ ግን ይህን ወጪ ስለማይሸከም አማራጩ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነርና መርከብ ነው። ይህም ብዙ መጠን በአንድ ጊዜና በቋሚነት ማቅረብን ይጠይቃል፤ አንድ ገበሬ በትንሽ ማሳው ሊያሟላው አይችልም። ለዚህ ነው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በሙዝ ንግድ ውስጥ ትልቅ ተስፋ የሚጣልባቸው።

ወደ ቻይና ለመላክ ያለው መንገድ የባሰ ረጅም ነው። ትኩስ ፍራፍሬ ወደ ቻይና የሚገባው አገሮቹ ለየምርቱ የዕፅዋት ጤና ስምምነት ሲፈርሙ፣ እርሻውና ማሸጊያ ጣቢያውም በቻይና ጉምሩክ ሲመዘገቡ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ቻይና የሚሄዱት ዋና የእርሻ ምርቶች ሰሊጥ፣ ቡናና ጥራጥሬ የሆኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ደረቅ ምርት በመሆናቸው መዘግየትን ይችላሉ።

ብድርና መሠረተ ልማት

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከቻይና በብዛት ከተበደሩት አንዷ ናት። ከጋሞ ዞን ብዙም ሳይርቅ በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው በቻይና ባንክ ብድር ተከናውኗል፤ ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክንም የቻይና ተቋራጭ ሠርቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቋል። በልብስ ስፌት ሥራ ከደቡብ ኢትዮጵያ ዞኖች ብዙ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሰርዛት ፓርኩ ክፉኛ ተጎዳ፤ በአንድ ገበያ ላይ ብቻ መመሥረት የሚያስከትለውን አደጋም አሳየ።

የዓረብ አገሮች የልማት ገንዘብ በአመዛኙ የሚመጣው ከኩዌት ፈንድ፣ ከሳዑዲ የልማት ፈንድ፣ ከኦፔክ ፈንድና ለአፍሪካ ልማት ከተቋቋመው የዓረብ ባንክ ነው፤ እነዚህ ተቋማት በኢትዮጵያ በተለይ ለመንገድ ሥራ አበድረዋል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለኢትዮጵያ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ከዚህም 1 ቢሊዮኑ በብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ ነበር።

የብድሩ ክፍያ በኋላ ከብዷል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ጠየቀች። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ሲሆኑ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚሆን ዕዳ ላይ የመርህ ስምምነት ተደረሰ።

ቀረጥና ምንዛሪ

ቻይና ከየካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በ98 በመቶ የቀረጥ ዝርዝር ውስጥ ያሉ የኢትዮጵያ ምርቶች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ፈቀደች። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዕድሉ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ላላቸው በአነስተኛ ዕድገት ላይ ያሉ አገሮች በሙሉና ለሁሉም ምርቶች ተዘርግቷል። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቻይና ባለችበት በብሪክስ አባል ሆኑ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንኮች 46 ቢሊዮን ብር ወይም 3 ቢሊዮን ድርሃም የሚያህል የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ተፈራረሙ።

በዚያው ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ ተከልክለው የነበሩ 38 የዕቃ ዓይነቶችም እንደገና ተፈቀደላቸው። ለጋሞ ይህ ሁለት ገጽታ አለው። የብር መርከስ ወደ ውጭ ለሚላክ ፍራፍሬ ዋጋ ይጨምራል፤ የሸማኔውን ባለቀለም ክር ግን ያስወድዳል።

ውጤትና ክርክር

ስለ ትስስሩ ጠቀሜታ ሁለት ዓይነት ምዘና ይሰጣል። የመጀመሪያው የተጠቃሚውን ጥቅም ያጎላል። ርካሽ ስልክ ገበሬው የአዲስ አበባን የሙዝ ዋጋ ከደላላው ሳይጠብቅ እንዲጠይቅ ረድቶታል፤ የእጅ ሥራ ቀሚስ መግዛት የማትችል ሴትም በበዓል ቀን ጥለት ያለው ልብስ ለብሳ ትውላለች። ሁለተኛው ምዘና የአምራቹን ወገን ያያል። ሸማኔው ለሕዝብ ያበረከተው ጥለት ያለ ክፍያ ተወስዶ በርካሽ ሲመለስ፣ ልጆቹ ሙያውን የሚማሩበት ምክንያት ይመነምናል።

ከቀረጥ ነፃ የሆነ በር የሚጠቅመው የሚልከው ዕቃ ላለው ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ ዘለላው ከግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚደረግለት እንክብካቤ ጅዳ መድረሱን ወይም አዲስ አበባ መቅረቱን ይወስናል። የጨንጫ ሸማም የእጅ ሥራ መሆኑ በምልክት ካልተረጋገጠ ገዢው ከፋብሪካው ጨርቅ ሊለየው ይቸግረዋል። ማሸጊያ ጣቢያ፣ የቀዝቃዛ ማከማቻና የምርት መለያ ምልክት ከባቡርና ከግድብ ጋር ሲተያዩ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። ይሁንና ዞኑ በቻይናና በዓረብ አገሮች ገበያ መካከል የሸቀጥ ማራገፊያ ብቻ ሆኖ መቅረቱን ወይም ሻጭ መሆኑን የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።